ሳይደፈርስ አይጠራም፦ ጠላን በኬግ ስለ ማጥራትና ጋዝ ስለ መስጠት

ምግባችሁ እስኪቀርብ ድረስ ይህቺን ጋዜጣ ከበሩ አጠገብ አንስታችሁ የምታገላብጡ ሁሉ፣ የዛሬው ጨዋታችን ከገበታው ብዙም አይርቅም። ስለ ጠላ ነው። «የጠላውን ነገር መቼ ነው የምትጽፈው?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ጥቂት አይደላችሁም። አንድ ወዳጄማ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጥግ አስይዞ፣ «እባክህ የኔ ጠላ ለምንድን ነው እንደ አጥሚት የሚወፍረው? ጋዝስ እንዲኖረው ምን ላድርግ?» ብሎኛል። ቦታው ባይሆንም ጥያቄው ትክክል ነው። ማጥራቱም ሆነ ጋዝ መስጠቱ የሚፈልገው ቅዝቃዜ፣ ትዕግሥትና ጥሩ የብረት በርሜል ነው። «የለም፣ እኔ በመስታወት ጋሎን አፍኜ ጋዝ አወጣለሁ» ለሚል ሰው ግን በቤቴ የደረሰውን ባጫውተው ይሻላል። ከእሱ ልጀምር።

ነገሩ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። ያን ጊዜ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባለቤቴ በነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ጠላ ጠመቀች። ጌሾውም ብቅሉም ከሀገር ቤት የመጣ፣ ደህና ጠላ ነበር። እኔ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ የጠመቀውን ቢራ ቀምሼ ስለነበር፣ የኛም ጠላ እንደዚያ አረፋ ቢያወጣ ብዬ ተመኘሁ። አንድ አዋቂ ነኝ ባይ፣ «ምን ችግር አለው? ስኳር ጣል አድርግበትና አጥብቀህ ክደነው» አለኝ። ባለቤቴ ሥራ እስክትሄድ ጠብቄ፣ ገና ፈልቶ ያላለቀውን ጠላ አጠለልኩና በአራት ባዶ የወይን ጋሎኖች ሞላሁት። በየአንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ። ክዳናቸውን ባለኝ ጉልበት ጠምዝዤ በልጃችን ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ደረደርኳቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ በፍንዳታ ተናወጠ። ሮጬ ስገባ ከአራቱ ጋሎኖች ሁለቱ የሉም። የቁም ሳጥኑ ስስ በር ተበስቷል። የመስታወቱ ስባሪ ከልጅቷ ትራስ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። የአራት ዓመት ልጃችን ያን ሌሊት ሳል ይዟት እኛ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሳሉ ባይዛት ኖሮ የሚሆነውን አስቡት። እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ከታች ያለው ጎረቤታችን ተኩስ መስሎት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ መጥቶ ቤቱን አሸተተና ነገሩ ሲገባው ስቆ ሄደ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። «ጠላ ቢራ ልሁን ብሎሃል ወይ?» ነበር ያለችኝ። ለወራት ያህል ሌላ ነገር አላለችኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ምን ነበር የሆነው? እርሾ ስኳሩን ሲበላ ሁለት ነገር ያወጣል፤ አንዱ አልኮል ነው፣ ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ጋዝ ነው። በጋን ውስጥ ጋዙ በየቀዳዳው እየሾለከ ይወጣል። እናቶቻችን የጋኑን አፍ በጭቃ ሲመርጉት አየር እንዳይገባና ጠላው እንዳይኮመጥጥ እንጂ ጋዙን ለማፈን አልነበረም። ጭቃው ቢጨንቀው ይሰነጠቃል፤ መስታወት ግን ሲጨንቀው ሰው ይጎዳል። የወይን ጋሎን ደግሞ ግፊት እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም። ፍሉ ያላለቀ፣ ስኳር የተጨመረበት፣ ሙቀት ያገኘ ጠላ በዚያ ውስጥ ማፈን ማለት በቤት ውስጥ ቦምብ ማስቀመጥ ማለት ነው። ጠጅ ደግሞ ከጠላም የባሰ ነው። ጣፋጩ ገና ሳያልቅ የምንጠጣው ስለሆነ እርሾው ሁልጊዜ የሚበላው ማር አያጣም። ስለዚህ ጠጅ በመስታወት አፍኖ ለወዳጅ የሚልክ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይተው።

ከዚያ በኋላ ነው የኬግን ነገር የተማርኩት። ያ ቢራ ጠማቂ ባልደረባዬ የሆነውን ስነግረው ራሱን ነቅንቆ ቅዳሜ ቤቱ ጠራኝ። ቤዝመንቱ ውስጥ ረዘም ያለ የብረት በርሜል አሳየኝ። 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ያህል ይይዛል። ስሙን ስጠይቀው «ኮርኔሊየስ» አለኝ። እኔ የማውቀው በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ያለውን መቶ አለቃ ቆርኔሌዎስን ብቻ ስለነበር ሳቄ መጣ። ለካ የፋብሪካው ስም ነው! ያውም የሩቅ ሀገር ፋብሪካ አይደለም። የኮርኔሊየስ ኩባንያ እዚሁ ሚኒያፖሊስ የተመሠረተ ሲሆን፣ በብዙ አሮጌ ኬጎች ላይ «አኖካ፣ ሚኒሶታ» የሚል ማኅተም ይታያል። አኖካ ማለት ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ስንነዳ የምናገኛት ከተማ ናት። ኬጎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ለቢራ ሳይሆን ለለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ነበር። ፔፕሲና ኮካ ኮላ ለየምግብ ቤቱ ሽሮፕ የሚያከፋፍሉት በእነዚህ ነበር። በኋላ ሽሮፑ በካርቶን ውስጥ ባለ የፕላስቲክ ከረጢት መምጣት ሲጀምር፣ ትርፍ የሆኑትን ኬጎች ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ወሰዷቸው። ለፔፕሲ የተሠሩትና ለኮካ የተሠሩት የማያያዣ ቁልፋቸው ይለያያልና ስትገዙ ከቁልፉ ጋር የሚገጥም መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጥንስሱን፣ ቂጣውን፣ እንኩሮውን፣ ድፍድፉን ለእናቶችና ለእኅቶች ማስተማር ለእኔ ድፍረት ነውና አልገባበትም። እኔ የምጀምረው ጠላው ከደረሰ በኋላ ካለው ነው።

አንደኛ፣ ፍሉ ማለቁን አረጋግጡ። ጆሮ ቀርቦ «ጫጫታው ቆሟል» ማለት አይበቃም። ሃይድሮሜትር የምትባል የመስታወት መለኪያ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ትገኛለች። ጠላው ውስጥ ስትንሳፈፍ የምታሳየው ቁጥር ለሦስት ቀን ካልተለወጠ እርሾው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በደንብ አጥልሉ። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በንጹሕና በተቀቀለ ስስ ጨርቅ። የጌሾ ቅጠልና የእንኩሮ ፍርፋሪ ከቀረ የኬጉን ቀጭን ቱቦ ይደፍንና በእንግዳ ፊት ያሳፍራችኋል። ስታጠልሉ ግን ከላይ እያንቧቧችሁ አትገልብጡ። ጠላ የሚኮመጥጠው አየር ሲጠግብ ነው። በቱቦ ቀስ አድርጎ ከታች መሙላት ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ኬጉ ንጹሕ ይሁን። ሀገር ቤት ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ኬግ ግን አይታጠንም፤ ጭሱ የጎማ ማሰሪያዎቹን ያበላሻል፤ ጥላሸቱም አይለቅም። በሙቅ ውሃና በመጥመቂያ ዕቃ ማጠቢያ ታጥቦ፣ ቀጥሎ ጀርም በሚገድል ፈሳሽ ይለቅለቅ። የወይራው ሽታ የናፈቀው ሰው ከብቅሉ ጋር ጥቂት በጭስ የደረቀ ብቅል ቢቀላቅል ወደዚያው ይጠጋለታል። ትክክለኛው ወይራ ግን አይደለም፤ እሱን አልዋሻችሁም።

አራተኛውና ዋናው ቅዝቃዜ ነው። የተሞላውን ኬግ ከድናችሁ፣ ጋዝ ሰጥታችሁ፣ ከላይ ያለውን የማስተንፈሻ ቫልቭ ሦስት አራት ጊዜ ሳብ ለቀቅ አድርጉ፤ ውስጥ የቀረው አየር ይወጣል። ከዚያ ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ፋራናይት ባለ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡትና ሳምንት ያህል አትንኩት። እርሾውና ዱቄቱ ቀስ እያለ ይዘቅጣል፤ አተላው ከታች ይረጋል፤ ጠላው ከላይ ኩልል ይላል። አታንቀሳቅሱት፣ አታዘዋውሩት። አበው «ሳይደፈርስ አይጠራም» ሲሉ ለሰው ሁሉ የተናገሩት ቢሆንም በኬግ ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ልዩ መጽናኛ ነው።

«እዚህ ሀገር ብርዱ በነፃ ነው፤ ለምን ጋራዥ ውስጥ አላቆመውም?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። በኅዳርና በመጋቢት ይሠራል። በጥር ግን የሚኒሶታ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ጠላ የአልኮሉ መጠን ዝቅተኛ ስለሆነ 28 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ በረዶ መሆን ይጀምራል። ጠላው በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ኬጉም ይጎዳል።

ይህን ብልሃት ደግሞ እኛ አልፈጠርነውም። ከእኛ በፊት እዚህ የመጡ ስደተኞችም ጨንቋቸው የደረሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ሚኒሶታ ገና ክፍለ ግዛት ሳትሆን፣ ከባቫሪያ የመጣው አንቶኒ ዮርግ ሴንት ፖል ውስጥ የሚኒሶታን የመጀመሪያ ቢራ ፋብሪካ ከፈተ። ያን ጊዜ ፍሪጅ የለም። የጀርመን ስደተኞች የሚሲሲፒን ዳርቻ የአሸዋ ድንጋይ ፈልፍለው በዋሻ ውስጥ ቢራቸውን ለወራት አስተኙት። በዋሻው ቅዝቃዜ አተላው ዘቀጠ፤ ቢራውም ጠራ። «ላገር» የሚለው የቢራ ስም ራሱ በጀርመንኛ ማከማቸት፣ ማስቀመጥ ከሚል ቃል የመጣ ነው። የሀገሩን መጠጥ ናፍቆ የሰው ሀገር አፈር የቆፈረ ስደተኛ ከነበረ፣ እኛ ቤዝመንታችን ውስጥ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ብናቆም ምን ይገርማል?

ሳምንት መጠበቅ ያልቻለ ሰው ማጥሪያ ይጨምራል። ቢራ ጠማቂዎቹ አብዝተው የሚመክሩት ጄላቲን ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ስኒ ውሃ ውስጥ፣ ሳይፈላ፣ 150 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ አሙቀው ያሟሙትና በበረደው ኬግ ላይ ይጨምሩታል። በሁለት በሦስት ቀን ያጠራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጄላቲን የሚሠራው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ሲሆን፣ ገበያ ላይ ካለው ብዙው ከአሳማ ነው። ጠላ ደግሞ በጾም የሚጠጣ፣ በማኅበርና በዝክር የሚቀርብ መጠጥ ነው። እናንተ ብትቀበሉትም እንግዳችሁ ሳያውቅ እንዲጠጣ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። ከዓሣ የሚሠራም ማጥሪያ አለ፤ እሱም ለጿሚው ሁሉ አይሆንም። እንስሳ የሌለበት ከፈለጋችሁ ከሲሊካ የሚሠራ ፈሳሽ ማጥሪያ አለ። ለጠጅ ደግሞ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር ዱቄት ጥሩ ነው። መጠኑን በየማሸጊያው ላይ ታገኙታላችሁ። ከሁሉም በላይ ግን የማያስነውረው ማጥሪያ ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠላ እንደ ፋብሪካ ቢራ ብርጭቆው ወዲያ ማዶ እስኪታይ ድረስ አይጠራም። ከቂጣውና ከእንኩሮው የሚመጣው ስታርች ሁሉ ወደ ስኳር አይለወጥምና ጭጋጉን ብርድም ጄላቲንም አያጠፋውም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የጠላ መልኩ ነው። አተላው ጉሮሮ እንዳይዝ እንጂ ጠላውን ቢራ ለማድረግ አትድከሙ። ይህንን ለመረዳት እኔ ሁለት ጋሎን መስበር አስፈልጎኛል።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። 5 ፓውንድ የምትይዝ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደርና ሬጉሌተር ያስፈልጋችኋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት በክፍል ሙቀት ከ800 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ስለሆነ ያለ ሬጉሌተር ከኬግ ጋር ማገናኘት በፍጹም አይሞከርም። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፤ በሞቃት ፈሳሽ ውስጥ አይረጋም። የሞቀ የአምቦ ውሃ ስትከፍቱ በልብሳችሁ ላይ የሚረጨው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠላው ይብረድ። በ38 ዲግሪ ለቢራ ከ10 እስከ 12 ፒ.ኤስ.አይ ይሰጡታል። ለጠላ ግን እኔ 5 ወይም 6 ይበቃዋል እላለሁ። ምላስ ነካ አድርጎ የሚያልፍ ጋዝ እንጂ እንደ ኮካ ኮላ አፍንጫ የሚያቃጥል ጋዝ የጌሾውን ጣዕም ይሸፍነዋል። በዚህ ግፊት ከጋዙ ጋር እንደተያያዘ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ማጥራቱም ጋዙም በአንድ ጊዜ ያልቃሉ ማለት ነው።

«እንግዶቼ ነገ ይመጣሉ» የሚል ሰው ወደ 30 ፒ.ኤስ.አይ ከፍ አድርጎ ለአንድ ቀን ያህል ይተወዋል፤ ከዚያ ጋዙን ዘግቶ፣ አስተንፍሶ፣ ወደ መጠጫው ግፊት ያወርደዋል። ይሠራል፤ ነገር ግን ከረሳችሁት አረፋ ብቻ ትቀዳላችሁ። ኬጉን እየወዘወዙ ማፋጠንም አለ፤ ያ ግን የዘቀጠውን አተላ መልሶ ያደፈርሰዋል። ሳምንት ሙሉ ያጠራነውን በአንድ ደቂቃ ማደፍረስ ምን ይሉታል?

ስትቀዱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ድፉት፤ ቱቦው ከታች ስለሚስብ አተላ ይዞ ይወጣል። ከሁለተኛው ጀምሮ ይጠራል። አረፋው ከበዛባችሁ የመቅጃ ጎማችሁ አጭር ይሆናል። ቀጭንና 8 ወይም 10 ጫማ የሚረዝም ጎማ ግፊቱን ያበርደዋል። አዲስ አበባ ድራፍት በጃምቦ የለመዳችሁ፣ ብርጭቆውን አዘንብሎ መቅዳትን እዚህም አትርሱ።

ስለ ጥንቃቄ ሦስት ነገር ብቻ። ኬግ ከመክፈታችሁ በፊት ሁልጊዜ በማስተንፈሻው ግፊቱን አውጡ። ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት፤ በየአምስት ዓመቱም መፈተሽ አለበት፤ የሚሞሉላችሁ ሰዎች ቀኑን አይተው ይነግሯችኋል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከአየርም ይከብዳል። ቢያፈስ እቤዝመንቱ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት። ኬግ መግዛት ያልቻለ ደግሞ ፍሉ ያለቀውን ጠላ በባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያድርግና ፍሪጅ ውስጥ ያኑረው። እሱ ግፊት እንዲችል የተሠራ ነው፤ ሲጠነክርም በእጃችሁ ጨምቃችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለ ሕጉም የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አሜሪካ መጠጥ የከለከለችበት የ1919 ሕግ በተለምዶ የሚጠራው በሚኒሶታው የምክር ቤት አባል በአንድሩ ቮልስቴድ ስም ነው። ክልከላው በ1933 ከተነሣም በኋላ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌደራል ሕግ እስከ 1978 ድረስ አልተፈቀደም ነበር። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ፣ አንድ አዋቂ ብቻ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑበት 200 ጋሎን ያለ ግብር እንዲጠመቅ ፈቀደ። ይህ ለቤተሰብና ለእንግዳ ነው፤ ለመሸጥ አይደለም። ሀገር ቤት በር ላይ ቆርቆሮ በእንጨት ሰክቶ ጠላ መሸጥ የብዙ እናቶች መተዳደሪያ ነበር፤ ልጆች ያስተማሩበትም አሉ። እዚህ ግን ያለ ፈቃድ መሸጥ ከባድ ጣጣ ያመጣልና፣ በተለይ የመኖሪያ ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ፣ ለጥቂት ዶላር ብላችሁ አትሞክሩት።

እነሆ፣ ያቺ ያን ሌሊት ሳል ያዳናት ልጃችን አድጋ በመጪው በጋ ልትዳር ነው። መልሱ እቤታችን ነው። «ምን ይደገስልሽ?» ብንላት መጀመሪያ የጠራችው ጠላ ነው። እናቷ ትጠምቃለች፤ ማጥራቱና ጋዙ የኔ ድርሻ ሆኗል። ያረጁትን ሁለት ኬጎቼን አውጥቼ ጎማቸውን ቀይሬያለሁ። ልጄ ቤዝመንት ወርዳ ስታየኝ፣ «አባዬ፣ የመስታወት ጋሎን የለም አይደል?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። እሷ ታሪኩን የምታውቀው ከእናቷ አፍ ብቻ ነው፤ እኔ ግን የግድግዳውን ስባሪ በገዛ እጄ ነቅያለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ጠላችሁ ይጥራ፣ ቤታችሁ ሰላም ይሁን። የጠጣችሁ ቀን መኪናውን ለሌላ ሰው ስጡ። ቸር ሰንብቱ።